በግቢ የተተከለ የሱፍ አበባን ውሃ የማጠጣት መመሪያ

የሱፍ አበባዎቼ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ብቅ ካሉ ወዲህ በበራችን የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚያጠጡት?» መልሴ አጭር ነው። ተክሉ በቅሎ ሥር ከያዘ በኋላ በየቀኑ አላጠጣም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እንቡጥ ሲይዝ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ አፈሩ እስከ ታች እስኪርስ ድረስ አጠጣለሁ። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ስለማያምነኝ አሠራሩን ከነምክንያቱ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

መመሪያው በመሀል አዲስ አበባ ሰፈሮች ጠባብ ግቢ ኖሯቸው ውሃ በፈረቃ ለሚደርሳቸው ሰዎች ይሆናል። ሱፍ ስል ለጾም ፍትፍት የምናውቀውን ባለ እሾህ ተክል ማለቴ አይደለም፤ ወፍራም ግንድ አውጥቶ አናቱ ላይ ሰፊ ቢጫ አበባ የሚይዘውን፣ አንዳንዶች የፈረንጅ ሱፍ የሚሉትን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለመቅጃም ለመለኪያም ያገለግላል።
• ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች ከነክዳናቸው፣ በአንድ ተክል አንድ።
• ውሃ ማጠጫ፤ ከሌለ ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይበቃል።
• 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ባለ 8 ፌሮ። 30 ሳንቲ ሜትሩ ላይ በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት።
• ዶማ እና ትንሽ መኮትኮቻ።
• ለጉዝጓዝ የሚሆን የጤፍ ጭድ ወይም የደረቀ ሣር።
• ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳና ማስመሪያ፣ ዝናብ ለመለካት።
• ክዳን ያለው በርሜል ወይም ሮቶ።

ደረጃ 1፦ አፈርዎን ይለዩ

ከ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ ጭብጥ አፈር አውጥተው በትንሽ ውሃ ያርሱና በመዳፍዎ መካከል ያሹት። እንደ ገመድ ተድቦልቡሎ ሳይበጠስ ከረዘመና እጅዎ ላይ ከተጣበቀ ዋልካ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚበጣጠስ ከሆነ ቀይ አፈር ወይም ድብልቅ ነው። ልዩነቱን ማወቅ የሚያስፈልገው ዋልካ ውሃን በዝግታ ስለሚቀበልና አንዴ ከያዘ በኋላም ለብዙ ቀን ስለማይለቅ ነው። ቀዩ አፈር ግን ፈጥኖ ይቀበላል፣ ፈጥኖም ይደርቃል። ስለዚህ በሁለቱ አፈሮች ላይ የሚፈሰው የውሃ መጠን ተቀራራቢ ቢሆንም በአንዱና በሚቀጥለው ማጠጣት መካከል ያለው ቀን ይለያያል።

በመሀል ከተማ ግቢዎች ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ከላይ አንድ ስንዝር ጥሩ አፈር ይታያል፣ ከሥሩ ግን የቤት ፍርስራሽ፣ የብሎኬት ስባሪና የደረቀ ሲሚንቶ ተቀብሯል። በዚህ ዓይነቱ ቦታ ውሃው በስባሪው መካከል ሾልኮ ይጠፋል፣ ሥሩም መንገድ ያጣል። ዘር ከመዝራትዎ በፊት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ፍርስራሹን ካላወጡ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ብዙ አይጠቅምዎትም።

ደረጃ 2፦ መሬቱን ውሃ እንዲይዝ አድርገው ያብጁ

በእያንዳንዱ ተክል ዙሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ ሰፌድ መሀሉ ዝቅ ጠርዙ ከፍ ያለ መያዣ ይሥሩ። ጠርዙ አራት ጣት ያህል ከፍ ቢል ይበቃል። ግንዱ የሚቆምበትን ነጥብ ግን ከመያዣው ወለል ትንሽ ከፍ አድርገው ይተዉት፤ ውሃ ግንዱ ላይ ተኝቶ ሲውል አንገቱ ይበሰብሳልና። መያዣ በሌለበት፣ በተለይ ተዳፋት በሆነ ግቢ፣ ካፈሰሱት ውሃ አብዛኛው ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ቦዩ ይሄዳል።

ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲሞላ በመያዣው ላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጤፍ ጭድ ይጎዝጉዙ። ጭዱን ከግንዱ አራት ጣት ያርቁት። ጉዝጓዙ ፀሐይና ነፋስ ከአፈሩ ገጽ የሚወስዱትን እርጥበት ይቀንሳል፣ ዋልካም እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል። ለጭቃ ቤት ማቡኪያ የሚሸጠው ጭድ ለዚህ ሥራ ደኅና ነው።

ደረጃ 3፦ ከዘር እስከ ቡቃያ ላይ ላዩን እርጥብ ያድርጉ

በየቀኑ መጠነኛ ውሃ ማጠጣት የሚያስፈልገው በዚህ ደረጃ ብቻ ነው። ከመዝራትዎ አንድ ቀን በፊት መሬቱን በውሃ በደንብ ያርጥቡ፤ ዘሩን 2.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያስቀምጡና አፈር ያልብሱት። ከዚያ የአፈሩ ገጽ መድረቅ በጀመረ ቁጥር በውሃ ማጠጫው ቀስ ብለው ያርከፍክፉ። መሬቱ ሞቅ ካለ ዘሩ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ከዚያ ሊዘገይ ይችላል፤ ዘገየ ብለው ውሃውን አይጨምሩበት። ቀዝቃዛና ጭቃ የሆነ አፈር ውስጥ ዘር ሳይበቅል ይበሰብሳል።

በዚህ ጊዜ የጎማ ውሃ አይጠቀሙ። ግፊቱ ዘሩን ገልጦ ያወጣዋል፤ ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ገጹን መትቶ እንደ ቅርፊት ስለሚያጠነክረው ቡቃያው ሰብሮ ለመውጣት ይቸገራል።

ደረጃ 4፦ ከዕለት ውሃ ያላቅቁት

ከሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች በኋላ አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ማጠጣቱን ወደ ሁለት ቀን፣ ቀጥሎም ወደ ሦስትና አራት ቀን ያራዝሙ። በእያንዳንዱ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ይስጡት። ውሃውን ግንዱ ሥር ሳይሆን ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀው ዙሪያውን ያፍስሱ። ላይኛው አፈር ሲደርቅ ሥሩ እርጥበቱን ተከትሎ ወደ ታችና ወደ ጎን ስለሚሄድ፣ በዚህ ሰሞን ላይ ላዩ መጠነኛ ድርቀት ቢታይበት አይደንግጡ።

ደረጃ 5፦ አልፎ አልፎ፣ ግን እስከ ታች ያጠጡ

የዚህ መመሪያ ዋና ክፍል ይህ ነው። ተክሉ ጉልበትዎ ከደረሰ በኋላ ለእያንዳንዱ በሳምንት ከ4 እስከ 5 ሊትር፣ በአንድ ጊዜ፣ ይስጡት። ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 25 ሊትር ማፍሰስ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደመዝነብ ይቆጠራል፤ የሱፍ አበባ በማደጊያው ጊዜ በሳምንት የሚፈልገውም ወደዚሁ ይጠጋል። በተክሎቹ መካከል 40፣ በመስመሮቹ መካከል 45 ሳንቲ ሜትር ከተዉ በካሬ ሜትር አምስት ስድስት ተክል ይገባል። 25ቱን ሊትር ሲያካፍሉት ለአንዱ አራት ሊትር ተኩል ገደማ ይደርሰዋል። አፈሩ ለሳምንታት ውሃ ሳያገኝ ከርሞ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ጊዜ እጥፍ ያድርጉት፤ ክው ብሎ የደረቀ መሬት የተሰጠውን ሁሉ ላይ ላዩ ይመጠውና ወደ ታች አያሳልፍም።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ለምን እንደማይበጅ የተማርኩት በራሴ ተክል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ በጎማ ረጨት ረጨት አደርግ ነበር። ተክሎቹ ከእኔ ቁመት በላይ ሄደው፣ ቅጠላቸው ሰፍቶ፣ ያየ ሁሉ ያደንቃቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተነሣ ነፋስ ግን ከአሥራ አንዱ አራቱን ከነሥራቸው ነቅሎ አጋደማቸው። ሥራቸውን አገላብጬ ሳየው ወደ ታች የወረደ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ አራት ጣት በማይሞላ ውፍረት፣ እንደ ተጠላለፈ የስፌት ክር፣ ወደ ጎን ብቻ ተነጥፏል። ጉድጓዱን በዶማ ስመታው ከዚያ በታች ያለው አፈር አቧራ ነበር። የሱፍ አበባ ዋና ሥር በተፈጥሮው ቀጥ ብሎ የሚወርድና አፈሩ ከፈቀደለት ከአንድ ሜትር በላይ የሚዘልቅ ሆኖ ሳለ፣ ውሃው ሁልጊዜ ላይ ስለሚገኝለት ለመውረድ ምክንያት አጥቶ ነበር።

አሠራሩ የሚከተለው ነው።

ሀ. በሁለተኛው የጣትዎ አንጓ ልክ፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ጣትዎን ወደ አፈሩ ይስደዱ። እርጥብ ከሆነ ቀኑ ቢደርስም ያቆዩት። ጣት ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ ታማኝ ነው።

ለ. ከሚሰጡት ውሃ ሩቡን አስቀድመው ያፍስሱና አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ የቀረውን በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ይጨምሩ። መጀመሪያ የሚፈሰው የደረቀውን ገጽ ያለሰልሰዋል፤ በኋላ የሚመጣው ሳይንሸራተት ይሰርጋል። ዋልካው ከተሰነጠቀ ከማጠጣትዎ በፊት ስንጥቁን በመኮትኮቻው በስሱ ይድፈኑ፤ አለዚያ ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ ሥሩን ሳይነካ ያልፋል።

ሐ. በጎማ የሚያጠጡ ከሆነ ፍሰቱን ይለኩ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በሁለት ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር እየመጣ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ተክል ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። የቧንቧችን ግፊት ዛሬና ነገ አንድ ስላልሆነ ልኬቱን ደጋግመው ያድርጉት።

መ. ካጠጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ በዋልካ ላይ ግን በማግስቱ ጠዋት፣ ፌሮውን ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀው ቀጥ አድርገው ይጫኑት። እርጥብ አፈር ውስጥ ያለ ትግል ይገባል፤ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ምልክቱ ድረስ ከገባ የሰጡት መጠን ትክክል ነው። 15 ላይ ከቆመብዎት በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሁለት ሊትር ይጨምሩ። ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ እንዳይሆን ሌላ ቦታ ላይ አንዴ ይድገሙት።

ደረጃ 6፦ በእንቡጥና በአበባ ጊዜ መጠኑን ይጨምሩ

ተክሉ ለድርቀት ቻይ ነው ሲባል ሰምተው ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ከማበቡ በፊት ባሉት 20 ቀናትና ካበበ በኋላ ባሉት 20 ቀናት አይደለም። በአናቱ ላይ ባሉት ቅጠሎች መሀል እንቡጡ እንደ ትንሽ አረንጓዴ ኮከብ ሲታይ ጊዜው መጀመሩን ይወቁና ለእያንዳንዱ ተክል በሳምንት ከ7 እስከ 8 ሊትር፣ በሦስት ወይም በአራት ቀን ልዩነት ለሁለት ከፍለው ይስጡ። በዚህ ወቅት የተጠማ ተክል የአበባው ራስ ያንሳል፤ ፍሬ ለመልቀም የሚተክሉ ከሆነም መሀል ላይ ያሉት ፍሬዎች ባዶ ቅርፊት ሆነው ይቀራሉ። በኋላ የቱንም ያህል ቢያጠጡ ያ ጉድለት አይመለስም። የቤቱ ውሃ ለሁሉም የማይዳረስ ከሆነ ከሌሎቹ ሳምንታት ቀንሰው ለእነዚህ ያቆዩ።

ራሱ የከበደ ተክል በራሰ አፈር ላይ በቀላሉ ስለሚጋደም ማጠጣቱን ከመጨመርዎ በፊት በእንጨት ይደግፉት።

ደረጃ 7፦ በጠዋት፣ ከሥር ያጠጡ

የሚመረጠው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነው። በቀትር የሚፈሰው ውሃ ከፊሉ በትነት ይጠፋል። በማታ የረጠበ ቅጠል ደግሞ በአዲስ አበባ ብርዳማ ሌሊት እርጥበቱን እንደያዘ ያድራል፤ ዋግና ሻጋታ የሚመቻቸውም ይኸው ነው። በብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ሲመጣ በርሜሉን ይሙሉና ጠዋት ከበርሜሉ ቀድተው ያጠጡ። ቅጠሉንም ሆነ የአበባውን ፊት አያርጥቡ፤ ውሃ የቋጠረ የአበባ ራስ ከውስጥ ይበሰብሳል።

ደረጃ 8፦ ዝናቡን ይለኩ

ጣሳውን ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ ባለ ገላጣ ቦታ ያስቀምጡ፤ በሳምንቱ ውስጥ በየጠዋቱ የተጠራቀመውን በማስመሪያ እየለኩ ይድፉና ይደምሩ። ድምሩ 25 ሚሊ ሜትር ከደረሰ የዚያን ሳምንት ማጠጣት ይተዉ። በሐምሌና በነሐሴ ሥራዎ ውሃ ማጠጣት ሳይሆን ማስወጣት ነው፤ በደረጃ 2 የሠሩትን ጠርዝ በአንድ በኩል ከፍተው ቦይ ይስጡት። ውሃ ለቀናት ሲተኛበት አፈሩ ውስጥ አየር ያልቅና ሥሩ ይታፈናል።

በጠባብ ግቢ ውስጥ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ግድግዳ ተጠግቶ በጣሪያው ክፈፍ ሥር የቆመ ተክል ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይነካው ይችላል፤ ሁለት እርምጃ ርቆ አሸንዳው የሚያንጠባጥብበት ደግሞ ይሰጥማል። እያንዳንዱን በጣትዎ ለየብቻ ይፈትሹ።

ደረጃ 9፦ ሲበስል ያቁሙ

የአበባው ራስ አጎንብሶ ጀርባው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ማጠጣት ይቁም። ከዚያ በኋላ ፍሬው መድረቅ እንጂ መሙላት አይቀረውም።

መጠውለግን እንዴት ያነባሉ?

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቅጠሉ ተልፈስፍሶ ቢያዩት ጀሪካን ለማንሣት አይሩጡ። ሰፊ ቅጠል በጠራራ ፀሐይ ሥሩ ከሚያቀርበው በላይ ውሃ ስለሚያወጣ አፈሩ እርጥብ ቢሆንም ለጊዜው ይወድቃል፤ ማታ ይነሣል። ፍርድ የሚሰጠው በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋትም እንደጠወለገ ከሆነና አፈሩ ደረቅ ከሆነ ተጠምቷል፤ ዛሬውኑ ያጠጡት። ጠዋት ጠውልጎ አፈሩ ጭቃ ከሆነ ግን ሥሩ ታፍኗል፤ ተጨማሪ ውሃ ይገድለዋል። ጉዝጓዙን ገልጠው አፈሩ እንዲተነፍስ ያድርጉ።

በባልዲ ወይም በሌላ ዕቃ ለተከሉ

በረንዳ ላይ የሚተክል ሰው አጭር ዝርያ መርጦ፣ ታቹ የተበሳ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ቢጠቀም ይሻላል። የሳምንቱ ስሌት እዚህ አይሠራም፤ ሥሩ ከባልዲው ውጭ የሚሄድበት ስለሌለው በየቀኑ በጣት እየፈተሹ፣ ሲደርቅ ውሃው ከታች እስኪወጣ ያጠጡ። ማስቀመጫ ሰሐን ካለው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተጠራቀመውን ይድፉ። አፈሩ ደርቆ ከባልዲው ጎን ከተላቀቀ ከላይ የሚፈሰው ውሃ በጎኑ ወርዶ ያመልጣል፤ ባልዲውን ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያቁሙት።

ውሃ ሲጠፋ ወይም ከቤት ሲርቁ

የሃይላንዱን ክዳን በጋለ መርፌ ሁለት ቦታ ይብሱ፤ የጠርሙሱን ታች በአንድ በኩል ብቻ ሳይቆርጡ አስቀርተው እንደ ክዳን እንዲታጠፍ ያድርጉት። ክዳኑን በቁራጭ ሻሽ ጠቅልለው፣ አንገቱን ወደ ታች አድርገው ከግንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩት። ሻሹ ጭቃ ቀዳዳውን እንዳይደፍነው ያግዳል። ከመቅበርዎ በፊት በአየር ላይ ይሞክሩት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባዶ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷልና በአንድ ቀዳዳ ብቻ ሌላ ክዳን ያዘጋጁ። በሳምንት ሁለቴ ሲሞላ 4 ሊትር ይሆናል፤ ጎረቤት አደራ ለማለትም «ጠርሙሶቹን ሙላልኝ» ማለት ስለ ጥልቀት ከማስረዳት ይቀላል።

ጎመንና ድንች የታጠበበት ውሃም ያገለግላል።

ማስጠንቀቂያ

• ኦሞ፣ በረኪና ወይም ጨው ያለበትን ውሃ፣ የፓስታ ውሃን ጨምሮ፣ አይጠቀሙ። ጨውና የዱቄት ሳሙና አፈር ውስጥ እየተጠራቀሙ ሥሩ ውሃ እንዳይስብ ያደርጋሉ።
• በርሜሉን ሁልጊዜ ይክደኑት። ክፍት በርሜል ለሕፃናት አደገኛ ነው፤ ትንኝም ይራባበታል።
• ፓምፕ ካለዎት በእርጥብ እጅ ወይም ውሃ ላይ ቆመው ሶኬቱን አይንኩ።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

1. የአፈሩን ቀለም ብቻ አይቶ መፍረድ። ላዩ ነጥቶ ከሥሩ እርጥብ፣ ወይም ላዩ ጠቁሮ ከሥሩ አቧራ ሊሆን ይችላል።
2. በየሳምንቱ በግንዱ ዙሪያ በዶማ በጥልቀት መኮትኮት። ከግንዱ አጠገብ የሚዘረጉት ቀጫጭን ሥሮች ይቆረጣሉ፤ ከሁለት ጣት በላይ አይውረዱ።
3. ለቡቃያውም ለአበባውም አንድ ዓይነት መጠን መስጠት።
4. የታችኞቹ ቅጠሎች ሲቢጫጩ ወዲያውኑ ውሃ መጨመር። ከታች ያሉ ሁለት ሦስት ቅጠሎች በእርጅናም ይቢጫሉ፤ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ከቢጫጩና አፈሩ ጭቃ ከሆነ ጥፋቱ የውሃ መብዛት ነው።
5. ብዙ ቀን የረሱትን ለማካካስ ሙሉ ጀሪካን በአንዴ መድፋት። በዋልካ ላይ ከላይ ተኝቶ ይውላል፣ በቀይ አፈር ላይ ጠርዙን ሰብሮ ይወጣል። የረሱትን ውሃ በሁለት ተከታታይ ጠዋቶች ከፍለው ይስጡ፤ ከዚያም ፌሮውን ይጫኑ።